ላም አለኝ በሰማይ፦ «የነገውን አንተን እያየህ ኑር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው። በየማለዳው ዓይንህን ጨፍነህ የዛሬ 10 ዓመት የምትሆነውን ሰው ተመልከት። ቤቱን፣ መኪናውን፣ የምረቃ ካባውን ልክ እንደደረስክበት ሆነህ አጣጥመው። ስለ እንቅፋት አታስብ፤ ያሰብከውን ትስባለህና። ሳይንስም ይህን መስክሯል። ድሃ ሆነው የቀሩትም ሆኑ ፈተና የወደቁት ራሳቸውን አሻግረው ማየት ያቃታቸው ናቸው።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ብዕራቸውም ይጥማል። የማስጠናቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች እየተቀባበሉ ሲያነቡት ባላይ ኖሮ እኔም አንብቤ ባለፍኩት ነበር። አሁን ግን ነጥብ በነጥብ መመለስ ግድ ሆነብኝ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የነገውን ራስን ማሰብ ከንቱ ነው አልልም፤ በደንብ ከተያዘ ይጠቅማል። ነገር ግን ጽሑፉ ያዘዘው መንገዱን ዘሎ መድረሻውን ብቻ ማየት ነው፤ ይህ ደግሞ ተመራማሪዎች ሲፈትኑት የወደቀው ዓይነት ነው። ፈተናውን ያለፈውን ጸሐፊው አላነሱትም። እንዲያውም ከልክለውታል።

«አእምሮ ምናብን ከእውነት አይለይም» በሚለው ልጀምር። ይህ አባባል በየመድረኩ ስለተደጋገመ ብቻ እውነት የመሰለ ነው። አንድን እንቅስቃሴ በሐሳብ መለማመድ እንቅስቃሴውን ስንፈጽም ከሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች የተወሰኑትን እንደሚያነቃ ይታወቃል። «የተወሰኑ ክፍሎች ይጋራሉ» ማለትና «አይለይም» ማለት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አእምሮ ባይለይ ኖሮ ጾመኛ ሁሉ ክትፎ እያሰበ ጠግቦ ይውል ነበር።

ቀጥሎ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይመጣል። ጸሐፊው እንደሚሉት እ.ኤ.አ. በ1953 ከተመረቁት ግባቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ 3 በመቶ ሀብት ከቀሩት 97 በመቶዎቹ ድምር በልጦ ተገኘ። በየስልጠናው የማይጠቀስበት ጊዜ የለም። ችግሩ እንዲህ ያለ ጥናት አለመኖሩ ነው። ፋስት ካምፓኒ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1996 ምንጩን ሲያፈላልግ ታዋቂዎቹ አነቃቂ ተናጋሪዎች አንዱ ወደ ሌላው እያመለከቱ ሄዱ፤ መጨረሻ ላይ የተጨበጠ ነገር አልተገኘም። ዩኒቨርሲቲውም እንዲህ ያለ ጥናት ስለመደረጉ ምንም ማስረጃ እንደሌለው ገልጿል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ ተረቱ ግን ዛሬም በአማርኛ ይነገራል። ተማሪ ፊት ቆሞ የሌለ ጥናት መጥቀስ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እውነቱን ሲያገኘው ከዚህ ጋር አብሮ የተነገረውን ደህና ምክር ሁሉ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ «ልክ እንደደረስክበት ሆነህ አጣጥመው» ወደሚለው ልግባ። ይህን ነገር ከማንም በላይ የመረመሩት በኒውዮርክና በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲዎች የሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጋብሪየለ ኦቲንገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከቶማስ ዋደን ጋር ባሳተሙት ጥናት ክብደት ለመቀነስ ሕክምና የጀመሩ ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ሁለት ነገር ለየብቻ ለኩ። አንደኛው ግምት ነው፤ «ይሳካልኛል ብለሽ ታምኛለሽ ወይ?» የሚል። ሁለተኛው ምናብ ነው፤ የቀጠነውን ሰውነታቸውንና የሚያገኙትን አድናቆት ምን ያህል አሳምረው እንደሚያልሙ። ይሳካልኛል ብለው የገመቱት የበለጠ ቀነሱ። አሳምረው ያለሙት ግን ካላለሙት በአማካይ ወደ 11 ኪሎ ያነሰ ቀነሱ።

ልዩነቱን ልብ ይበሉልኝ። ግምት ትናንት ከሠራኸው ይነሳል፤ «ባለፈው ወር ተወጥቼዋለሁ፣ አሁንም እወጣዋለሁ» ማለት ነው። ጸሐፊው ያዘዙት ምናብ ግን ከትናንት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ያለ ምንም ጥረት ደስታውን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ደስታው ቀድሞ ከተበላ ደግሞ ለምን ይለፋል? ኦቲንገን ይህንኑ በሌላም መልክ አይተውታል። ሥራ የሚፈልጉ የጀርመን ምሩቃንን ለሁለት ዓመት ሲከታተሉ፣ ጥሩ ሥራ ይዘው ራሳቸውን አብዝተው ያለሙት የላኩት ማመልከቻ አነሰ፣ ያገኙት የሥራ ጥሪ አነሰ፣ ደመወዛቸውም አነሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሄዘር ካፕስ ጋር በወጣው ሥራቸው ደግሞ ሰዎች ምኞታቸው እንደተፈጸመ አድርገው ሲያልሙ የሰውነታቸው ጉልበት እንደሚረግብ በደም ግፊት ልኬት ጭምር አሳይተዋል። ጽሑፉ «በየማለዳው» ይላል። ተማሪው በጣም ጉልበት በሚያስፈልገው ሰዓት ጉልበቱን የሚያረግብ ነገር ይደረግ ማለት ነው።

አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ነበር።

ለተማሪዎች ይበልጥ የሚቀርበው ሌላው ሥራ የሊየን ፋምና የሼሊ ቴይለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ታተመ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የአጋማሽ ፈተና የቀረባቸውን ተማሪዎች ከፋፈሏቸው። አንደኛው ወገን በየቀኑ ለአምስት ደቂቃ ያህል ውጤቱ ተለጥፎ ኤ ማግኘቱን ሲያይ፣ ሲደሰት፣ ሲኮራ ራሱን እንዲያስብ ተነገረው፤ የጽሑፉ ምክር ቁርጥ ይህ ነው። ሌላው ወገን ውጤቱን ትቶ ጥናቱን እንዲያይ ተነገረው። የት እንደሚቀመጥ፣ ማስታወሻውን እንዴት እንደሚያገላብጥ፣ ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ፣ ጓደኛው እንውጣ ሲለው እምቢ ሲል ያስብ ነበር። ይሄኛው ወገን ቀድሞ ጥናት ጀመረ፣ ብዙ ሰዓት አጠና፣ የተሻለ ውጤትም አመጣ። ውጤቱን ብቻ ሲያይ የሰነበተው ያጠናበት ሰዓት ጭራሽ አነሰ።

እኔ ለልጆቹ የምላቸውም ይህንኑ ነው፦ የምታዩትን የነገ ሰው ካባ አልብሳችሁ አታቁሙት፤ ነገ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አስቀምጡት። ምን መጽሐፍ ይዟል? ስልኩ የት ነው? መብራት ቢጠፋ ምን ያደርጋል? ታናሽ እህቱ ብታስቸግረውስ? ይህን ማየት እንደ ቪላው አያስደስትም፤ ልጆቹም መጀመሪያ ላይ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ስለዚህ «ስለ እንቅፋት አታስብ» የሚለው ነጥብ ከሁሉም የከፋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኦቲንገን በሥራቸው የደረሱበት መፍትሔ የጸሐፊው ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ምኞትህን አስብ፤ ወዲያው ደግሞ በአንተ ውስጥ ያለውን፣ የሚይዝህን ዋናውን እንቅፋት አስብ። ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው፤ እንቅፋቱ ከምኞቱ ቀጥሎ ይምጣ። ይህን ያደረገ ሰው ምኞቱ የሚቻል ከሆነ ይነሳሳል። የማይቻል ከሆነ ደግሞ ይተወዋል፤ መተውም ትርፍ ነው፣ ጉልበቱን ሌላ ቦታ ያውለዋልና። በዚህ ላይ የባለቤታቸው የፒተር ጎልዊትዘር ሐሳብ ይጨመራል፦ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን። «እራት ከተበላ በኋላ ስልኬን ላነሳ ስል፣ ለእናቴ ሰጥቼ ፊዚክሴን እከፍታለሁ» እንደማለት። ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006፣ 94 የሚሆኑ ሙከራዎችን ሰብስበው ሲያዩ ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ሰዎች ያሰቡትን እንዲፈጽሙ በማድረግ በኩል ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ውጤት ነበራት። እንቅፋት አታስብ የተባለ ልጅ ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር መጻፍ አይችልም፤ «ከሆነ» የምትለው የምትሞላው በእንቅፋቱ ነውና።

«ሳይንስ መስክሯል» የተባለው አንድ እውነተኛ ጥናት አለው፤ እሱን አልክድም። ሃል ሄርሽፊልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሥራ ወጣቶች በኮምፒውተር የተፈጠረ ዓለም ውስጥ ገብተው በመስታወት የራሳቸውን ያረጀ ፊት እንዲያዩ ተደረገ። ከዚያ በእጃችሁ 1,000 ዶላር ቢገባ እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ ተባሉ። ያረጀ ፊታቸውን ያዩት ለጡረታ 172 ዶላር መደቡ፤ የዛሬ ፊታቸውን ያዩት 80 ዶላር። ሐሳቡ ግሩም ነው፦ የነገው እኔ ለብዙ ሰው እንደ ባዳ ነው፤ ለባዳ ማን ይቆጥባል? ፊቱን ስታየው ግን ዘመድህ ይሆናል።

ሆኖም ጸሐፊው ከዚህ ጥናት ያወጡት መደምደሚያ ከጥናቱ ጋር አይገጥምም። እነዚያ ወጣቶች ያዩት ሽበትና የተሸበሸበ ፊት ነው፤ ቪላ ወይም የመጨረሻ ሞዴል መኪና አልታያቸውም። ያ ፊት የሚያጣጥሙት አልነበረም፤ ጧሪ የሚፈልግ ሰው ነበር። ደግሞም የመደቡት ገንዘብ በኪሳቸው ያልነበረ፣ «ቢሆን» የተባለ ገንዘብ ነው።

ከዚያ በላይ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ወጣት ዛሬ ያስቀመጠው ዶላር ሲያረጅ አንድ ነገር እንደሚገዛለት ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. የእኛ አገር የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በዚህ ሁኔታ ደመወዙን ተቀብሎ ወዲያው ዘይትና ጤፍ የሚገዛው ሰው የነገውን ራሱን ስላላየ አይደለም። በደንብ አይቶት ነው! ብሩን ቢያስቀምጥለት ባዶ እጁን እንደሚቀር ስላወቀ ዕቃ ገዝቶ ያስቀምጥለታል።

ለነገ መቆጠብ ደግሞ ዓይን መጨፈን ሳያስፈልግም ይሆናል። እቁብ የገባ ሰው በየሳምንቱ የነገ ምስሉን እያየ አይደለም የሚከፍለው፤ ዳኛው ስለሚጠብቀው፣ የእቁቡ ጸሐፊ ስለሚመዘግበው፣ ቢያጎድል አባላቱ ፊት ስለሚያፍር ነው። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ጡረታ የሚቆረጥለት 7 በመቶው ከእሱ፣ 11 በመቶው ከአሠሪው ነው፤ ደመወዙ እጁ ሳይገባ። ሪቻርድ ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሙከራ ሠራተኞች «ወደፊት ደመወዜ ሲጨመር የቁጠባዬ ድርሻም አብሮ ይጨመር» ብለው አስቀድመው እንዲስማሙ ብቻ ተደርጎ፣ በ40 ወር ውስጥ የቁጠባቸው መጠን ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ተነስቶ 13.6 በመቶ ደርሷል። ማንም ፊቱን አርጅቶ አላየም። ጸሐፊው ስለ ቁጠባ ከልባቸው የሚያስቡ ከሆነ ከማለዳው ምናብ ይልቅ አንባቢያቸውን ደህና እቁብ ቢያስገቡት ይሻላል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ተጠቅሷል፤ ገና በልጅነቱ ራሱን ሻምፒዮን አድርጎ አየ፣ ሆነም ተብሏል። እርግጥ ነው፣ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያመጣው ድል የኃይሌን የልጅነት ልብ እንደነካ የታወቀ ነው። ግን ታሪኩን ሙሉውን እንንገረው። ያ ልጅ በአሰላ ገጠር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመለስ ነበር። ዓለም እስኪያውቀው ድረስ ግራ እጁን ደብተር የታቀፈ ይመስል አጠፍ አድርጎ ነው የሚሮጠው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት የረዳው ምናቡ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ይከራከር፤ እኔ እግሩን አምናለሁ። በተረፈ ምሩጽን የሰማ ሕፃን ሁሉ ኃይሌ አልሆነም። ያልሆኑትን ማንም ጠርቶ «ራሳችሁን አሻግራችሁ አይታችሁ ነበር ወይ?» ብሎ አልጠየቃቸውም፤ እንዲህ ያለው ምሳሌ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያነክሰው።

«የወደቁት ማየት ያቃታቸው ናቸው» ወደተባለው ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ብዕር ያስነሳኝ ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በሁለቱም ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በጸሐፊው አነጋገር ከሄድን፣ ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነገውን ማየት የሚችል አንድ ልጅ ጠፋ ማለት ነው። ጦርነትና ኮሮና የዘጋቸው ክፍሎች፣ ለሦስት አንድ የሚደርሰው መጽሐፍ፣ ስሙ ብቻ የተለጠፈበት ባዶ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ክፍል የታጨቀው ተማሪ ምንም አልነበሩም? የማውቃቸው የወደቁ ልጆች ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት ሆነው ራሳቸውን ያያሉ። ምናባቸውማ ሙሉ ነው።

ደግሞ ስለ ነገ የሚታሰብ ነገር በእኛው አገር ድሃ ገበሬዎች ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሥራ አለ፤ ጸሐፊው የባሕር ማዶውን ፍለጋ ሲሄዱ ያላዩት። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና የእኛው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አለማየሁ ስዩም ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2010 በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ሙከራ አካሄዱ። ለአንዳንድ ቤተሰቦች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። በፊልሞቹ ውስጥ የሚናገሩት ከዚያው አካባቢ የተነሱ፣ እንደ ተመልካቾቹ ድሃ የነበሩ፣ በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች ናቸው። ከየት እንደተነሱ፣ ምን እንደገጠማቸው፣ ምን እንዳደረጉ ይናገራሉ። ለሌሎች ቤተሰቦች ለማነጻጸሪያ የቴሌቪዥን መዝናኛ ታየላቸው። ከስድስት ወር በኋላ ዘጋቢውን ያዩት ለራሳቸውና ለልጆቻቸው የሚመኙት ከፍ አለ፤ ቁጠባቸውና የልጆቻቸው ትምህርት ላይም መጠነኛ ለውጥ ታየ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩም ልጆቻቸው በትምህርት ገበታ ላይ የቆዩበት ጊዜ ከሌሎቹ ረዘም ብሎ ተገኘ።

ይህ ለጸሐፊው ማስረጃ አይሆንም ወይ ለሚለኝ መልሴ አዎ፣ በከፊል፣ የሚል ነው። ተስፋ ጉልበት እንዳለው ያሳያል፤ ይህን በደስታ እቀበላለሁ። ነገር ግን ዓይን ጨፍኖ ከባዶ የተሠራ ተስፋ አልነበረም። ጎረቤት ወረዳ ያለ፣ ቋንቋህን የሚናገር፣ መሬቱ የመሬትህን ያህል የሆነ ሰው «እንዲህ ገጠመኝ፣ እንዲህ አለፍኩት» ሲልህ የሰማኸው ነው። መንገዱም እንቅፋቱም አብሮ ተነግሮሃል። ገበሬውን «አላየህም» ብሎ የወቀሰውም የለም፤ የሚያየው ነገር ቀረበለት። ያም ሆኖ ለውጡ መጠነኛ ነበር፤ አንድ ፊልም ዝናብ አያዘንብም፣ የማዳበሪያ ዋጋም አይቀንስም።

ጽሑፉ ያነሳውን የ21 ቀን ነገር በአጭሩ ልለፈው። 21 ቀን የደጋገሙት ልማድ ይሆናል የሚለው ማክስዌል ማልትዝ የተባሉ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ታካሚዎቻቸው ከጻፉት አስተያየት ተጣምሞ የመጣ ነው። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ ሲለኩት ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል፤ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። በ22ኛው ቀን «አልሆነልኝም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ልጅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የቀረው ደብዳቤው ነው፤ ከነገው አንተ ለዛሬው አንተ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ደብዳቤ ጻፍ የሚለው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ያን ያህል አልጣላም። ሎራ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ ተማሪዎች ለአራት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ሁሉም ነገር ተሳክቶላቸው የሚሆኑትን ሰው ሲጽፉ ስሜታቸው ተሻሽሏል፤ ከወራት በኋላም ወደ ሕክምና የሄዱበት ጊዜ ቀንሷል። ለተጨነቀ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያሰቡትን ፈጸሙ ወይ የሚለውን ግን ጥናቱ አልለካም፤ ጸሐፊው ለጭንቀት የሚጠቅመውን ለውጤት አድርገው ሸጡት።

በደብዳቤው ላይ ያለኝ ሌላው ስጋት የ10 ዓመቱ ርቀት ነው። ዮርዲ ኩዋድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ19,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው እንዳሳዩት፣ በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ባለፉት 10 ዓመታት ብዙ ተለውጫለሁ ይላል፤ በሚመጡት 10 ዓመታት ግን እምብዛም አልለወጥም ብሎ ያስባል። የ17 ዓመት ልጅ የ27 ዓመቱን ሰው ሲስል ዛሬ ሰፈር ውስጥ የሚደነቀውን ዓይነት ሰው ነው የሚስለው። ያ ሰው ሲደርስ መኪናውን ላይፈልገው፣ ሕክምናውን ትቶ እንጨት ሥራ ሊወድ ይችላል። በማይታወቅ ሰው ስም ዛሬ ውል መፈራረም ለእኔ ጥንቃቄ የጎደለው ነው። ስለዚህ ልጆቹ ደብዳቤ መጻፍ ከፈለጉ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ራሳቸው ይጻፉ፤ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለውን ትተው «ምዕራፍ አራት ላይ ተቸግሬያለሁ፣ ማንን ልጠይቅ አስቤያለሁ» ይበሉት። የቀን ቁርጥ ይኑረው፤ ደብዳቤውንም ወንድም ወይም ጓደኛ ይያዘው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንደገና የሚያሰራጩ ከሆነ ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። የዬሉን አንቀጽ ያውጡት፤ ወይም ጥናቱ የታተመበትን ቦታ ይንገሩን። ስለ ወደቁት ልጆች የጻፏትን ዓረፍተ ነገርም ይሰርዙልን። በቀረው ላይ ብንከራከር ግድ የለኝም።